ሰማያዊ ክር

ባሕሩ ሲሸሽ ነው የኛ ሥራ ሚጀምር፤
እግር በቡትስ ጫማ፣ እጅ በብረት ጦር።
ከግራቪዬ ዳርቻ እስከ ኮራሉ ጫፍ
ጎንበስ ብለን ስንሄድ፣ ዓይናችን ሲቀዝፍ።

ኦክቶፐስ ብልጥ ነው፤ ድንጋይ መስሎ ያድራል፤
ግን የበላውን ዛጎል ደጁ ላይ ይከምራል።
የሮድሪግ ሴቶች የምናገኘው በዚያው፣ በቆሻሻው፤
ጉዱን ደጅ ያወጣ እንዲህ ነው መጨረሻው።

አንድ ጠዋት ኦርሊን፣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ፣
“እማ፣ ነይ እዪ” አለች፣ ጎትታኝ በእጅ።
የሳሙና ጠርሙስ፣ ቢጫ፣ አንገቱ የተቆረጠ፤
ውስጡ አንድ ዓይን አለ፣ እኛ ላይ ያፈጠጠ።
እንቁላሏን እንደ ወይን ዘለላ ጣራው ላይ ሰቅላ
ውኃ ትነፋበታለች፣ ቀናት ሳትበላ።
ጦሬን ሳነሳ ልጄ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች፤
“ቤቷ እኮ ነው!” አለች።
ባዶ ባልዲ ይዤ ገባሁ። ባሌ ከት ብሎ ሳቀ፤
የዚያን ማታ ሩዛችን ያለ ወጥ አለቀ።

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ፊደል ከመንደሩ የሚያነብ ጠፋ።
መምህር ኤቫሪስት መነጽሩን አውልቆ
“ከሩቅ የመጣ ነው” አለ፣ ትከሻውን ሰብቆ።
“ሩቅ ማለት የት ነው?”
ልጅ የወተት ጥርሱን ሲነቅል
ጥያቄውም አብሮ ይወልቃል ባይ ነበርኩ።
ተሳሳትኩ።

ክዳን ለቀመች። አልጋዋ ሥር በካርቶን፣
ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ካረንጓዴ ለይታ፤
ጎረቤቴ ክሌርቪ “ልጅሽ ሱቅ ልትከፍት ነው?” እያለች
ታሾፍብኝ ነበር ማታ ማታ።

ከዚያ መርከብ። ሞሪሸስ። ዩኒቨርሲቲ። አራት ዓመት።
ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ ወንፊት።
ወንፊት! ከኛ ቤት ወንፊት የጠፋ ይመስል።
ፖርት ማቱሪን፣ ከዓሣ ቢሮው ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጧት፤
አሸዋ ትነፋለች፣ የዓሣ ሆድ ትከፍታለች።
አንድ ቀን ምሳ ላደርስላት ሄጄ በመስኮት አየኋት፦
ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ፣
ወገቧ የኔው ወገብ፣
ድንጋይ ሥር የምትፈልግ ሴት።

ክፍሉ ግን ብርድ ነው። ማሽን የሚነፋው ብርድ፣
ደጁ በፀሐይ እየነደደ።
ያንን ሰሞን የሸጥኩትን ቆጥሬ
ከቅዳሜ ገበያ ሹራብ ገዛሁላት፣
ሰማያዊ፣ ለስላሳ፣ ርካሽ።

“እማ፣ ክር አገኘሁ” አለችኝ፣ “ከጸጉር የቀጠነ፣
ሰማያዊ፣ በየአሸዋው፣ በየዓሣው የተበተነ።”
አርባ ቀን ቆጠረች። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባት።
በእንቅልፏም ትቆጥር ነበር፤ ሰምቻታለሁ።

አንድ ማታ መጣች። ሹራቡን አልለበሰችም፤
በከረጢት ቋጥራ ይዛዋለች።
“የባሕሩ አይደለም” አለችኝ።
“ክሩ የእጅጌዬ ነው። የእኔ ነው።
የአንቺ ነው፣ እማ።”
ምን ይባላል? ስለ ሙቀት ይቅርታ ይጠየቃል?
ዝም ብዬ ዓሣዬን ላጥኩ።

ደብተሩን ዘጋችው። አርባ ቀን እንዳልነበረ።
ቅዳሴ የምሄድበትን የጥጥ ቀሚሴን ለምና ወሰደች፤
ለሷ ሰፊ ነው፣ ነጭ ነው፣ ክር አይጥልም፤
ጠረጴዛውን ጠርጋ ከአንድ ጀመረች።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ጠየቅኳት፦
“ታዲያ ባሕሩ ንጹሕ ነው?”
“አይደለም” አለች። “አራት መቶ አሥራ ሁለት።
ግን እነዚህ የእውነት የሱ ናቸው።”
እንዲህ ስትል ፊቷ አላዘነም፤
ትልቅ ኦክቶፐስ የያዝኩ ቀን የኔም ፊት እንደዚያ ነው።

ሹራቡ እስከ ዛሬ ሚስማር ላይ ነው።
አናጥበው፣ ውኃው የት ይሄዳል?
አናቃጥለው። ለሰው አንሰጥ።
ባለፈው ባሌ ተናደደና
“አንሺና ሩቅ ጣይው!” አለኝ።
እኔና ኦርሊን ተያየን፤
ከዚያ ሁለታችንም፣ እኩል፦
“ሩቅ ማለት የት ነው?”